የሴባስቶፖል ክብደት፦ የጦርነት ጉዞን በዲዮራማ ስለ መሥራት

(በደብረ ታቦር ለሕዝብ ክፍት በሆነው የትምህርት ክፍላችን የንግግር መርሐ ግብር የቀረበ)



በዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩት ሰሌዳ ርዝመቱ 60፣ ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር ነው። በላዩ ላይ ጭቃ፣ አንድ መድፍ የጫነ ሰረገላና ገመድ የያዙ ትናንሽ ሰዎች አሉ። ሦስት የክረምት ዕረፍቶቼን ወስዶብኛል። አንዳንድ ባልደረቦቼ በቀልድ «ዶክተሩ በስተርጅና መጫወቻ ይሠራል» ይሉኛል፤ አልተቀየምኳቸውም። የዛሬው ንግግሬ ግን ይህ መጫወቻ በታሪክ መምህርነቴ ዘመን ሁሉ ሳልጠይቀው የኖርኩትን አንድ ጥያቄ እንዴት እንዳስጠየቀኝ ለማስረዳት ነው። ጥያቄው፦ ሴባስቶፖል ስንት ይከብድ ነበር? የሚል ነው። መልሱን ከመጽሐፍ ታገኙታላችሁ፤ 7 ቶን ያህል ነው። ቁጥሩን ማወቅና ክብደቱን ማወቅ ግን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የተረዳሁት እጄ ጭቃ ከነካ በኋላ ነው።

ከበረዶ የተገኘ ትምህርት

ዲዮራማ ማለት አንድን ቦታና አንድን ቅጽበት በተወሰነ ልክ አሳንሶ፣ መሬቱን፣ ቁሳቁሱንና ሰዎቹን በአንድነት የሚያሳይ ትዕይንት ነው። ቃሉ ከግሪክኛ የተገኘ ሲሆን፣ በኋላ በፎቶግራፍ ፈጠራ ስሙ የታወቀው ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር በ1822 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ከአጋሩ ጋር ለከፈተው የብርሃንና የሥዕል ትርኢት የተሰጠ ስም ነበር። ቆይቶ ቤተ መዘክሮች ወሰዱት፤ በትርፍ ጊዜያቸው ሞዴል የሚሠሩ ሰዎችም የራሳቸው አደረጉት።

እኔ ከዚህ ጥበብ ጋር የተዋወቅኩት ለዶክትሬት ትምህርት አውሮፓ በነበርኩበት ጊዜ ነው። ማታ ማታ ብቸኝነትን ለመርሳት ቲ-34 የተባለውን የሶቪየት ታንክ የፕላስቲክ ሞዴል ገዝቼ መገጣጠም ጀመርኩ። ሞዴሉ 1 ለ 35 በሚባለው ልክ የተሠራ ነበር፤ ይኸውም በእውነቱ ዓለም 35 ሳንቲ ሜትር የሆነው ነገር በሞዴሉ 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ታንኩን በነጭ ቀለም ቀባሁ፤ ከዳቦ ቤት ሶዳና ከኮላ በረዶ ሠራሁለት። ይህ የመጀመሪያው ስሕተቴ ነበር፤ ሶዳ ውሎ አድሮ ወደ ቢጫነት ያደላልና ልምድ ያላቸው ሰዎች የዕብነ በረድ ዱቄት ወይም እጅግ ደቃቅ የመስታወት ብናኝ ይመርጣሉ።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ ይበልጥ ነበር። ታንኩን በበረዶው ላይ ሳስቀምጠው ሳህን ላይ እንደ ተቀመጠ ዳቦ ሆነ። በእውነቱ ዓለም ይህ ታንክ እንደ ዓይነቱ ከ26 እስከ 32 ቶን ይመዝናል፤ በረዶውን ሰንጥቆ፣ ጨፍልቆና አጨቅይቶ ነው የሚሄደው። የእኔ በረዶ ግን ምንም አልተጎዳም ነበር። ተመልካች ይህን በቃል ባያስረዳም ዐይኑ ወዲያው ያውቀዋል። ያን ጊዜ ልብ ያላልኩት ትምህርት ይህ ነበር፦ በሞዴል ላይ የአንድን ነገር ክብደት የሚናገረው ነገሩ ራሱ አይደለም፤ ከሥሩና ከዙሪያው ያለው ነው።

የእኛ ክረምት

ወደ አገሬ ስመለስ መሣሪያዎቼን ይዤ መጣሁ፤ በረዶውን ግን የት ላድርገው? በርግጥ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ በኮርያ ተሰልፈው የዚያን አገር ብርድ ቀምሰዋል፤ ያም ለሌላ ሰሌዳ የሚሆን ታሪክ ነው። ነገር ግን ደብረ ታቦር ላይ ተቀምጬ፣ በስተ ምሥራቅ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጉና ተራራ እያየሁ፣ በሩቅ አገር በረዶ መቀጠል ተገቢ አልመሰለኝም። በትርጉም መጻሕፍት ላይ «ክረምት» ስንል የፈረንጁን የበረዶ ወራት እናስባለን። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ ጉምና ጭቃ ነው፤ ወንዝ ሞልቶ መንገድ የሚዘጋበት፣ ሠራዊት ከሰፈረበት የማይነሣበት ወቅት ነው። የጦር ታሪካችን ጉዞዎች በአብዛኛው ከመስከረም በኋላ የሚጀምሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁላችሁም እንደምታውቁት፣ ከዚህች ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ በሚገኘው በጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርንና ሞሪትዝ ሆልን የመሳሰሉ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር አሰልፈው መድፍ ያስቀልጡ ነበር። ከነዚያ ሁሉ ትልቁ፣ በክሪምያ ጦርነት ስሙ በገነነው ከተማ የተሰየመው ሴባስቶፖል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፎቻቸውን አስጭነው ወደ መቅደላ ተነሡ። በጨጨሆ በኩል ወደ ዋድላ፣ ከዚያ የጅጣን ገደል ወርደው ወደ ደላንታ፣ በመጨረሻም የበሽሎን ሸለቆ ተሻግረው ከመቅደላ ሲደርሱ ወሩ መጋቢት ሆኖ ነበር። በቀጥታ መስመር ሲለካ ርቀቱ ከ150 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስድስት ወር ገደማ ፈጀ፤ በቀጥታ መስመር ስናሰላው በቀን ከአንድ ኪሎ ሜትር እምብዛም የማይዘል ጉዞ ነው።

ለሰሌዳዬ የመረጥኩት የጉዞውን የመጀመሪያ ቀናት ነው። በመስከረም መጨረሻ ዝናቡ አባርቷል፤ መሬቱ ግን ገና ውኃውን አልጣለም። ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል፤ መንገዱ ግን ጭቃ ነው። ክረምቱ ከሰማይ ወጥቶ ከመሬት ያልወጣበት ሰዓት ልንለው እንችላለን።

ስለ ልክ፣ ስለ ኩብና ስለ ገመድ

አሁን ወደ ስሌቱ ልምጣ። ቁመት በ35 ሲቀነስ ይዘት የሚቀነሰው በ35 ኩብ፣ ማለትም በ42,875 ነው። ስለዚህ 7 ቶን የሚመዝነውን መድፍ በዚያው ብረት፣ በ1 ለ 35 ልክ ብናቀልጠው 163 ግራም ብቻ ይመዝናል። ልጅ በመዳፉ ይዞት ይሮጣል። ሞዴል ቅርጽን በታማኝነት ያሳያል፤ ስለ ክብደት ግን ይዋሻል። ይህ የሠሪው ጉድለት ሳይሆን የሒሳብ ሕግ ነው።

ቀጥሎ የጎታቾቹን ቁጥር ለመገመት ሞከርኩ። መድፉን 7 ቶን፣ ሰረገላውን አንድ ተኩል ቶን ብለን እንያዝ። ለስላሳ እርጥብ አፈር የመንኮራኩርን ጉዞ የሚይዘው በጭነቱ አንድ አምስተኛ ያህል ነው ብንል፣ ዳገቱም በ100 ሜትር 10 ሜትር የሚወጣ ቢሆን፣ የሚያስፈልገው የመጎተት ኃይል የጠቅላላው ክብደት 30 በመቶ ገደማ፣ ማለትም ሁለት ቶን ተኩል ያህል ይሆናል። አንድ ሰው ሳይቋረጥ 12 ኪሎ ግራም ያህል ይስባል ካልን፣ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች በአንድ ጊዜ ገመድ ላይ መሆን አለባቸው። ዳገቱ ሲቀና ቁጥሩ ይጨምራል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ያው ሕዝብ ወደ ኋላ ዞሮ መያዝ አለበት፤ ተተኪም ያስፈልጋል። በጊዜው የነበሩ ምስክሮች መድፉን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እንደሚስቡት ሲጽፉ ማጋነን የሚመስለው ይህን ስሌት ላልሠራ ሰው ነው።

200 ሰው በአራት ገመድ ቢደረደር፣ ለእያንዳንዱ 60 ሳንቲ ሜትር ብንሰጠው፣ ሰልፉ 30 ሜትር ይረዝማል። በ1 ለ 35 ልክ ወደ 86 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከሰሌዳዬ ይበልጣል። 1 ለ 72 የተባለውን አነስተኛ ልክ ብመርጥ ሰልፉ ይገባልኛል፤ ነገር ግን ሰው ከሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያነሰ ይሆንና ፊቱ ይጠፋል። ብዙ ካወጣሁና ካወረድኩ በኋላ 1 ለ 35ን ይዤ፣ መድፉንና ወደ እርሱ የቀረቡትን 40 ጎታቾች ብቻ አስቀመጥኩ። አራቱ ገመዶች ከሰሌዳው ጠርዝ አልፈው ይወጣሉ። ከጠርዙ ውጭ ያሉትን 160 ሰዎች ተመልካቹ ራሱ ያስባቸው።

መሬቱ

የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ ከዕቃ ማሸጊያ ነጭ ፎም ቀረጽኩ፤ በላዩ ቀጭን ጀሶ አለበስኩ። ለጭቃው ከጋፋት መንገድ ዳር አፈር አመጣሁ። አፈሩን በቀጥታ መጠቀም አይቻልም፤ ዘርና ሻጋታ ስላለበት በምጣድ ላይ መቆላት ይኖርበታል። ከዚያ መንፋት ነው፤ ወንፊት ብቻውን አይበቃም፣ በሻሽ ጭምር። ምክንያቱም 1 ሚሊ ሜትር የሆነች ጠጠር በዚህ ልክ ሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል የሚሆን ድንጋይ ናት። የነፋሁትን አፈር ከነጭ ኮላ፣ ከጥቂት ጀሶና ከደቀቀ ጭድ ጋር ለውሼ ቀባሁት፤ ሳይደርቅም የመንኮራኩሩን፣ የእግሩንና የጣቱን ምልክት አተምኩበት። ይህ ቅደም ተከተል አይገለበጥም፤ ጭቃው ከደረቀ በኋላ የተቀመጠ ሰረገላ እንደዚያ እንደ በረዶው ታንክ ይሆናል።

ሲደርቅ በሳሳ ቡናማ ቀለም አጠብኩት። የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ የነካው ውኃ ያቆረባቸውን ጉድጓዶች ብቻ ነው፤ ሁሉን ያብረቀረቀ ሰው ጭቃ ሳይሆን ቸኮሌት ይሠራል። አደይ አበባዎቹ እያንዳንዳቸው የ1 ሚሊ ሜትር ቢጫ ነጥብ ናቸው። ቀለም ሁሉ ከእውነተኛው ጥቂት ፈዘዝ ማለት አለበት፤ ትንሽ ነገር ስናይ ከሩቅ እንደምናይ ስለምንቆጥረው፣ ሩቅ ነገር ደግሞ በአየሩ ምክንያት ስለሚፈዝ ነው።

አዛውንቱ የነገሩኝ

ሰዎቹን ከመዳብ ሽቦ አጽምና ከሚጠነክር ሊጥ ሠራኋቸው። ሱሪና ሸማ አለበስኳቸው፤ አንዳንዶቹ ከክረምቱ የተረፈ ገሳ ደርበዋል፤ እግራቸው ባዶ ነው። ሁሉም ሲያልቅ ደስ ብሎኝ ስለ አካባቢው የቃል ታሪክ ብዙ ጊዜ ላነጋገርኳቸው አንድ አዛውንት ቤቴ ጠርቼ አሳየኋቸው። ዞር ዞር ብለው አዩት፤ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አዩት።

«መምህር፣ እጅዎ የተባረከ ነው» አሉ። «ግን እነዚህ ሰዎች ገመዱን ይዘው ይሄዳሉ እንጂ አይጎትቱም።»

«እንዴት አባባ?» አልኳቸው።

በወጣትነታቸው ለቤተ ክርስቲያን ምሰሶ የሚሆን ግንድ ከገደል ውስጥ ከመንደሩ ሰው ጋር ጎትተው ያውቃሉ። ተነሡና የጋቢያቸውን ጫፍ ለእኔ አስይዘው፣ ሌላውን ጫፍ በትከሻቸው ላይ አዞሩት። ወገባቸው ወረደ፤ ግንባራቸው ወደ መሬት ቀረበ፤ የኋላ እግራቸው ወለሉን ፈልጎ ተተከለ። «የሚጎትት ሰው ወደ ፊት አያይም» አሉ። «የሚያየው ተረከዙን የሚተክልበትን ቦታ ነው። ጭቃ ላይ መጀመሪያ የሚሠራው ክንድ አይደለም፤ እግር ነው።»

የእኔ ሰዎች ሁሉም ቀጥ ብለው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ አሻግረው ያዩ ነበር። እንደ ሐውልት ነበር የሠራኋቸው። አርባውንም አፈረስኩ። አዲሶቹ ጎንበስ አሉ፤ አንዱ ተንሸራትቶ በጉልበቱ ወድቋል፤ ሁለቱ ከኋላ ድንጋይ ይዘው መንኮራኩሩ ሲቆም ታኮ ለማድረግ ይጠብቃሉ። ገመዱንም ቀየርኩት። ቀላል ክር በራሱ ክብደት ሊወጠር ስለማይችል ቀጭን ሽቦ በጠፍር ቀለም ቀብቼ ቀጥ አድርጌ ዘረጋሁት፤ የተወጠረ ገመድ አይረግብምና። መድፉን ግን አልነካሁትም። ያው 163 ግራም እንኳ የማይሞላው ቀለም የተቀባ ሊጥ ነው። ይሁንና አዛውንቱ ተመልሰው ሲያዩት «አሁን ከበደ» አሉ።

ንጉሡ የት አለ?

ይህን ሰሌዳ ያየ ተማሪ ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀኝ «ቴዎድሮስ የትኛው ነው?» ብሎ ነው። በአገራችን የሥዕል ትውፊት የጦርነት ሥዕል ሲሣል ንጉሡ ከሌላው ሰው ገዝፎ ይታያል፤ ወዳጅ በሙሉ ፊቱ፣ ጠላት በጎኑ ይሣላል። ያ ሥዕል የሚለካው ክብርን ነው፤ በራሱ ሕግ ትክክል ነው። ሞዴል ግን አንድ ልክ ብቻ አለው። በ1 ለ 35 ንጉሠ ነገሥቱም ጎታቹም አምስት ሳንቲ ሜትር አይሞሉም።

በጉዞው የነበሩ ሰዎች ቴዎድሮስ መንገዱ ሲጠረግ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ፣ እየቆፈሩ ያሠሩ እንደነበር ጽፈዋል። ስለዚህ በፈረስ ላይ አላስቀመጥኳቸውም፤ ከመንገድ ጠራጊዎቹ መካከል ጎንበስ ብለው ድንጋይ ያነሣሉ። ፈልጎ ያላገኛቸው ብዙ ነው። ይህን ያደረግሁት ላሳንሳቸውም ላወድሳቸውም አይደለም። ያው ሰው በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ያስመዘበሩና ያቃጠሉ፣ የበጌምድርን ገበሬ ያስጨነቁ ናቸው፤ ያው ሰው ደግሞ ከወታደሩ ጋር ጭቃ ውስጥ የቆሙ ናቸው። በሰሌዳው የግራ ጥግ፣ ከጎታቾቹ ጀርባ፣ የተቃጠለ ጎጆ ጥቁር ምሰሶዎች ይታያሉ። ያች ደብረ ታቦር ናት። ከጎጆው አጠገብ ድርቆሽና የዱቄት ስልቻ የተሸከሙ ሦስት ሴቶች አሉ፤ የዚያ ዘመን ሠራዊት ያለ ሴቶቹ ድካም አንድ ቀንም አያድርም ነበር። እነርሱን የጨመርኳቸው በመጨረሻ ነው፤ ከአርባ ሰዎች በኋላ ማስታወሴ ያሳፍረኛል።

የጉዞው መጨረሻ የታወቀ ነው። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ከባድ መድፎቹን ከሕንድ ባመጣቸው 44 ዝሆኖች፣ የተራራ መድፎቹን ደግሞ ተፈታትተው በበቅሎ እንዲጫኑ አድርጎ መጣ። በመጨረሻው የጉዞ ክፍል ላይ ሠራዊቱ የተራመደው ቴዎድሮስ ለመድፎቻቸው ባስጠረጉት መንገድ ነበር። ሴባስቶፖል የጦርነቱን ውጤት አልለወጠም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሕይወታቸውን በእጃቸው አጠፉ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ አምሳያው ደግሞ አዲስ አበባ በሚገኘው በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። በዚያ ያለፈ ሰው መድፉን ያያል፤ ገመዱን ግን አያይም።

ለማጠቃለል

ተማሪዎቼ፣ ሁላችሁም ሞዴል ሥሩ ማለቴ አይደለም። የምላችሁ ይህን ነው። ታሪክ ስንጽፍ እኛም ነገሮችን እናሳንሳለን። ስድስት ወር ጉዞ በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ «መድፉን ወደ መቅደላ አስጓዙት» ብለን እናልፋለን። ቅርጹ ትክክል ነው፤ ክብደቱ ግን በ42,875 ተካፍሏል። ክብደቱን መመለስ የምንችለው ስለ መድፉ ብዙ በመጻፍ አይደለም፤ ከሥሩ የነበረውን መሬትና በዙሪያው የነበሩትን ሰዎች በትክክል በማስቀመጥ ነው። ስንት ነበሩ? ምን በሉ? መሬቱ ደረቅ ነበር ወይስ እርጥብ? ማን ወደቀ? ሰነዱ ዝም ሲል ስሌት ይናገራል፤ ስሌቱ ሲያልቅ ግንድ የጎተተ አዛውንት ይናገራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጦርነት ለዚህ አካባቢ ልጆች የመጽሐፍ ነገር ብቻ አይደለም፤ ከዚህ አዳራሽ ውስጥ የከባድ መሣሪያ ድምፅ በጆሯቸው የሰሙ አሉ። ስለዚህ ጦርነትን አሳንሶ ጠረጴዛ ላይ ማኖር ሊያስነቅፍ እንደሚችል አውቃለሁ። እኔም ቤት ውስጥ የልጅ ልጄ መድፉን አንሥቶ «ቀላል ነው!» ባለኝ ቀን ደንግጬ ነበር። ያን ዕለት መድፉን ከእጁ ወስጄ ከጎታቾቹ አንዱን፣ በጉልበቱ የወደቀውን አሳየሁት። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ አየውና «ማን ያነሣዋል?» ሲል ጠየቀኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሰሌዳው ግን አላለቀም ነበርና፣ በማግሥቱ ከጎኑ እጁን የሚዘረጋለት አንድ ሰው ሠራሁ። ስትወጡ ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ ከቀኝ በኩል በሁለተኛው ገመድ ላይ ነው።